የኤሊ ልባስ አመጣጥ፡ ከጎድን አጥንት እስከ ጋሻ

ኤሊን ያየ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው ጀርባዋን ነው። በተለምዶ «የኤሊ ድንጋይ» እየተባለ የሚጠራው ጠንካራ ልባስ ከሌሎች ተሳቢ እንስሳት ሁሉ ይለያታል። እባብ፣ እንሽላሊትና አዞ ቅርፊታም ቆዳ አላቸው፤ እንደ ኤሊ ከላይም ከታችም በአጥንት የታጠረ ግን ከመካከላቸው የለም። ብዙ ሰው ኤሊን ቤቷን ተሸክማ የምትዞር ፍጡር አድርጎ ይገልጻታል። አባባሉ ለጨዋታ ያምራል፤ የአካሏን እውነት ግን አያሳይም። ከቤት ባለቤቱ ይወጣል፤ ኤሊ ግን ከልባሷ ልትወጣ አትችልም። ልባሱ በላይዋ የተጫነ ዕቃ ሳይሆን የራሷ የጎድንና የአከርካሪ አጥንት ነውና።

የጎድን አጥንት እንዴት ጋሻ ሊሆን ቻለ? ጥያቄው የእንስሳት ሊቃውንትን ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ሲያከራክር ቆይቷል። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በደቡብ አፍሪካ፣ በጀርመንና በቻይና የተጠኑ ቅሪተ አካላት ለጥያቄው አብዛኛውን መልስ ሰጥተዋል። መልሱ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ልባሱ በአንድ ጊዜ አልተገኘም፤ ከ260 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰፉ የጎድን አጥንቶች ተጀምሮ፣ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ጊዜ ወስዶ ነው የተሟላው። ሲጀመር የነበረው ጥቅምም ከጠላት መከላከል ሳይሆን መሬት መቆፈር ሳይሆን አይቀርም።

ልባሱ ከምን የተሠራ ነው?

የኤሊ ልባስ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ጀርባዋን የሚሸፍነው ጉልላት ነው፤ ሁለተኛው ከሆዷ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ክፍል ነው። ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎን ይያያዛሉ፤ ከፊት ለራስና ለፊት እግሮች፣ ከኋላ ለጅራትና ለኋላ እግሮች ክፍት ቦታ ይተዋሉ። በአብዛኞቹ ኤሊዎች የጀርባው ክፍል ወደ 50 ከሚጠጉ አጥንቶች፣ የሆዱ ደግሞ ከ9 አጥንቶች የተገጣጠመ ነው።

የጀርባው ልባስ አሠራር ከአንድ ጎጆ ጣራ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። መካከሉን ይዞ የሚሄደው የአከርካሪ አጥንት ነው፤ ከእርሱ ወደ ግራና ቀኝ የሚወርዱት እንደ ወጋግራ የተዘረጉት የጎድን አጥንቶች ናቸው። ልዩነቱ በጎጆው ወጋግራዎች መካከል ክፍተት መኖሩ ነው። በኤሊ ላይ ግን እያንዳንዱ የጎድን አጥንት ወደ ጎን ሰፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ተጋጥሟል። በዳር በኩል ያሉ ሌሎች አጥንቶች ደግሞ ጉልላቱን ዙሪያውን ይቋጫሉ።

ከውጭ በኩል የሚታየው ማዕዘናማ ቅርጽ ያለው ንጣፍ አጥንቱ ራሱ አይደለም። ጥፍርና ቀንድ ከተሠሩበት ኬራቲን ከተባለ ነገር የተሠራ ቅርፊት ነው። የቅርፊቶቹ መጋጠሚያና በሥራቸው ያሉት አጥንቶች መጋጠሚያ አንድ ላይ አያርፉም። ልምድ ያለው ግንበኛ የላይኛውን ድንጋይ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር እንደማያገናኝ ሁሉ፣ በኤሊ ልባስም አንዱ ንብብር የሌላውን ስንጥቅ ይሸፍናል። ጥንካሬው ከዚህም የሚመነጭ ነው።

እዚህ ላይ ኤሊን ከቀንድ አውጣ መለየት ያስፈልጋል። የቀንድ አውጣ ዛጎል ከሰውነቱ በሚመነጭ ካልሲየም አዘል ፈሳሽ የሚገነባ ነው፤ በውስጡ አጥንት የለም። የኤሊ ልባስ ግን ሕይወት ያለው አጥንት ነው፤ ደም ይዘዋወርበታል፣ ነርቭ ይደርሰዋል። ስለዚህ ኤሊ ጀርባዋ ሲነካ ይሰማታል፤ ልባሷ ሲሰነጠቅም አጥንቷ ተሰበረ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የትከሻዋ ነገር ነው። በሰው፣ በበሬ፣ በዶሮም ሆነ በእንሽላሊት የትከሻ አጥንት የሚገኘው ከጎድን አጥንቶች በላይ፣ በውጭ በኩል ነው። በኤሊ ብቻ ትከሻው ከጎድን አጥንቶች በታች፣ በውስጥ በኩል ይገኛል። ይህ እንዴት እንደተገለበጠ የተረዱት ተመራማሪዎች እንቁላል ውስጥ ያለውን ሽል በመመልከት ነበር።

ሽሉ የሚያሳየው

የኤሊ ሽል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዶሮ ሽል ብዙም አይለይም። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ጎኖቹ ላይ፣ በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል፣ ከፍ ያለ የቆዳ መስመር ይወጣል። በዶሮም ሆነ በሌሎች እንስሳት የጎድን አጥንት ሲያድግ ወደ ታች ታጥፎ ደረትን ያቅፋል። በኤሊ ሽል ግን የጎድን አጥንቶቹ ወደ ታች አይታጠፉም፤ በጀርባው በኩል እንዳሉ ወደዚያ መስመር፣ ወደ ጎን ይዘረጋሉ።

የጃፓን ተመራማሪዎች ሂሮሺ ናጋሺማና ሺገሩ ኩራታኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ሂደት ደረጃ በደረጃ አሳይተዋል። እንደ ግኝታቸው ከሆነ ትከሻው ከቦታው ተነስቶ ወደ ውስጥ አልገባም። የጎድን አጥንቶቹ ወደ ውጭ ሲዘረጉና የሰውነቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ፣ አጥንቶቹ ትከሻውን ከላይ እንደ ጥላ ሸፈኑት። ትከሻውን ከሌላው አካል ጋር የሚያስተሳስሩ አንዳንድ ጡንቻዎችም አዲስ መያዣ ቦታ አግኝተዋል። ከዚህ በኋላ በጎድን አጥንቶቹ ዙሪያ አጥንት እየጨመረ ይሄዳል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ይደፈናል።

ሁለቱ ተፎካካሪ ሐሳቦች

ስለ ልባሱ መነሻ ለረጅም ጊዜ ሁለት ሐሳቦች ነበሩ። የመጀመሪያው ልባሱ ከቆዳ ተነሣ የሚል ነው። የአዞን ጀርባ ያየ ሰው ጉብ ጉብ ያሉ ጠንካራ ነገሮችን ያስተውላል፤ እነዚህ በቆዳ ውስጥ የበቀሉ አጥንቶች ናቸው። የሐሳቡ ደጋፊዎች የኤሊ አያቶችም እንዲህ ያሉ የቆዳ አጥንቶች እንደነበሯቸው፣ ቀስ በቀስም እነዚህ ተገጣጥመው ከታች ካለው የጎድን አጥንት ጋር እንደተዋሐዱ ያምኑ ነበር።

ሁለተኛው ሐሳብ ልባሱ በዋናነት የጎድንና የአከርካሪ አጥንቶች ራሳቸው ሰፍተው የሠሩት ነው ይላል። ሁለቱን ለመዳኘት ቀላል መንገድ አለ። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ጥንታዊዎቹ ኤሊዎች ጠባብ የጎድን አጥንትና ብዙ የቆዳ አጥንት ሊኖራቸው ይገባል። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ደግሞ የቆዳ አጥንት የሌለው፣ የጎድን አጥንቱ ግን የሰፋ እንስሳ ሊገኝ ይገባል። ከመሬት የወጣው ይህ ሁለተኛው ነው።

ቅሪተ አካላቱ በጊዜ ቅደም ተከተል

ከሁሉ ቀዳሚው በደቡብ አፍሪካ ካሩ በተባለው ሰፊ ደረቅ ምድር የተገኘው ዩኖቶሶረስ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣለት እንግሊዛዊው ሃሪ ሲሊ ሲሆን፣ እንስሳው የኖረው ከ260 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። መልኩ ወፈር ያለ እንሽላሊት ይመስል ነበር። ልባስ አልነበረውም፤ በቆዳው ላይም አጥንት አልበቀለም። ሆኖም 9 ጥንድ የጎድን አጥንቶቹ እጅግ ሰፊ ስለነበሩ እርስ በርስ ሊነካኩ ይቃረባሉ። ለብዙ ዓመታት ተመራማሪዎች ይህን ተመሳሳይነት እንደ አጋጣሚ ቆጥረው አልፈውት ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ፓፖኬሊስ ነው፤ የስሙ ትርጉም «አያት ኤሊ» ማለት ነው። ከ240 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዛሬዋ ጀርመን ግዛት ይኖር የነበረ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም እንስሳ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሆኗል። የጎድን አጥንቶቹ ሰፊ ናቸው። ከዚህ በላይ አስፈላጊው ግን ሆዱ ነው። ዛሬ በአዞ ሆድ ሥር የሚገኙትን ዓይነት ቀጫጭን የሆድ ጎድኖች ነበሩት፤ አንዳንዶቹም እርስ በርስ መጣበቅ ጀምረው ነበር። የሆዱ ልባስ ከእነዚህ አጥንቶች መዋሐድ እንደተገኘ ከዚህ ይታያል።

ከቻይና ጉዊጆ ግዛት ሁለት ግኝቶች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ኢዮሪንኮኬሊስ ከ228 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ፣ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ እንስሳ ነው። ሰፊ የጎድን አጥንቶች፣ እንደ ሰፌድ ክብና ጠፍጣፋ አካል ነበሩት። እንደ ዛሬዎቹ ኤሊዎችም ምንቃር ማብቀል ጀምሮ ነበር፤ ልባስ ግን ገና አልነበረውም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነውና ከ220 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረው ኦዶንቶኬሊስ ነው። ይህኛው የተሟላ የሆድ ልባስ ነበረው፤ ጀርባው ግን ገና አልተደፈነም። አፉ ውስጥም ጥርስ ነበረው፤ የዛሬዎቹ ኤሊዎች አንድም ጥርስ የላቸውም። ስለዚህም ሊቃውንቱ «ጥርሳምና ባለ ግማሽ ልባስ ኤሊ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጡት።

በመጨረሻ ከ210 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፕሮጋኖኬሊስ ይመጣል። ከጀርመን በተገኙ ቅሪተ አካላት የሚታወቀው ይህ እንስሳ ከላይም ከታችም የተሟላ ልባስ ነበረው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎት ነበር፤ ራሱን ወደ ልባሱ ማስገባት አይችልም። አንገቱንና ጅራቱን የሚጠብቁለት በላያቸው የበቀሉ ሾሎች ነበሩ።

እነዚህ እንስሳት አንዱ የሌላው ቀጥተኛ አባት ነው ማለት አይደለም። በአንድ የዘር ግንድ ዙሪያ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ቅደም ተከተላቸው ግን ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ የጎድን አጥንት ሰፋ፣ ከዚያ ሆድ ተዘጋ፣ ከዚያ ጀርባ ተደፈነ፣ ራስን መሸሸግ ደግሞ በመጨረሻ መጣ።

ለጋሻነት ወይስ ለቁፋሮ?

ይህ ቅደም ተከተል ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። የጎድን አጥንት ስፋት ዋጋ ያስከፍላል። እንሽላሊት ሲሮጥ ጎኑ ወደ ግራና ቀኝ ይታጠፋል፤ ሰፊና ድርቅ ያለ ጎድን ግን አይታጠፍም፤ ስለዚህ እንስሳው ቀርፋፋ ይሆናል። የጎድን አጥንት ሲሰፋና ሲከፈት ሳንባ አየር ይስባል፤ የሰፋና የተቃረበ ጎድን ግን እንደ ልብ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ትንፋሽ ይከብዳል። በአንጻሩ ክፍተት ያላቸው የጎድን አጥንቶች ከጠላት ጥርስ የሚያድኑት በጥቂቱ ነው። ታዲያ ልባሱ ከመሟላቱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ግማሽ መንገድ ላይ የነበረው እንስሳ ፍጥነቱንና ትንፋሹን ከፍሎ ምን ተጠቀመ?

እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የዴንቨር የተፈጥሮና ሳይንስ ሙዚየም ተመራማሪ የሆኑት ታይለር ላይሰን ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር መልስ አቀረቡ። መልሱን ያስገኘላቸው በአንድ የገበሬ መሬት ላይ የወጣ ቅሪተ አካል ነው። በደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ ግዛት አንድ የ8 ዓመት ልጅ በአባቱ እርሻ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም የዩኖቶሶረስ ቅሪት አገኘና በአቅራቢያው ላለ ሙዚየም ሰጠ። ቅሪቱ ከዚያ በፊት ከነበሩት የሚለየው እጆቹና እግሮቹ ሳይበታተኑ በመገኘታቸው ነበር።

እጆቹ ጠንካራና ከእግሮቹ የበለጡ ነበሩ፤ ጥፍሮቹ ሰፋፊና እንደ አካፋ የተዘረጉ ናቸው። ክንዱ ላይ ትልቅ ጡንቻ የሚይዝበት ቦታ ይታያል። እነዚህ ሁሉ የቆፋሪ እንስሳ ምልክቶች ናቸው። በዶማ የቆፈረ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ እጅ በኃይል ሲሠራ ቀሪው አካል ጸንቶ ካልቆመ ጉልበቱ ይባክናል። የሰፉት የጎድን አጥንቶች የዩኖቶሶረስን አካል አጽንተው ይይዙለትና የእጁ ጉልበት ሁሉ በአፈሩ ላይ እንዲያርፍ ያደርጉለት ነበር።

በዚያ ዘመን ካሩ ደረቅና አስቸጋሪ ምድር ነበር። መሬት ቆፍሮ መሸሸግ ከፀሐይና ከድርቅ ያድናል። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በምድር ላይ ከደረሱት የጅምላ ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ሲደርስ አብዛኛው የእንስሳት ዝርያ ጠፍቷል። ተመራማሪዎቹ የኤሊ አያቶች ያንን ዘመን እንዲሻገሩ የቁፋሮ ልማዳቸው ሳይረዳቸው እንዳልቀረ ያስባሉ። በኋላ ዘሮቻቸው ወደ ውኃ ሲገቡ ጠንካራው ክንድ ለዋና አገለገለ፤ የሰፋው ጎድንም ቀስ በቀስ ተገጣጥሞ ጋሻ ሆነ። ለአንድ ሥራ የተጀመረ አካል ለሌላ ሥራ ዋለ ማለት ነው።

የትንፋሹ ችግርም በሌላ መንገድ ተፈታ። ኤሊ በጎድኗ መተንፈስ ስለማትችል በልባሷ ውስጥ ሳንባዋን የሚያቅፉ የሆድ ጡንቻዎች ተክተውላታል፤ አንዱ ጡንቻ ሲሳብ አየር ይገባል፣ ሌላው ሲሳብ ይወጣል። ይህ አተነፋፈስ ገና ልባስ ባልነበረው ዩኖቶሶረስ ላይ እንደተጀመረ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አመልክቷል።

የኤሊ ዘመዶች እነማን ናቸው?

ኤሊ ከእንሽላሊት ጋር ትመሳሰል ይመስላል፤ በዘር ቅንጣት ላይ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ግን ሌላ ያሳያሉ። ዛሬ በሕይወት ካሉ እንስሳት መካከል የኤሊ የቅርብ ዘመዶች አዞዎችና ወፎች ናቸው። በግቢ ውስጥ የምትጭረው ዶሮ ከእንሽላሊት ይልቅ ለኤሊ ትቀርባለች።

ዶሮና ኤሊ የሚጋሩት ሌላም ነገር አለ፤ ሁለቱም ካልሲየም አጥብቀው ይፈልጋሉ። ዶሮ አርቢ እንቁላሉ ቅርፊቱ እንዳይሳሳ ለዶሮዎቹ ካልሲየም ያለው መኖ ይሰጣል። በዱር ያለች የየብስ ኤሊም የወደቀ አጥንት ስትግጥ ትታያለች፤ አጥንት ለበዛበት አካሏና ለእንቁላሏ የሚያስፈልጋትን ማዕድን የምታገኘው ከዚህ ጭምር ነው።

የወሎ ምድርና የኤሊ ዘመን

ደሴን የከበቡት ጦሳና አዝዋ ገደል፣ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ተዳፋትም፣ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ ናቸው። የሰሜን ኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታ የሸፈነው ይህ የቀለጠ ድንጋይ በብዛት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የኤሊ ልባስ ተሟልቶ ያበቃው ደግሞ ከ210 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ጦሳ ከመፈጠሩ በፊት ኤሊ በምድር ላይ 180 ሚሊዮን ዓመት ያህል ኖራለች። የልባሱን መነሻ በደሴ ዙሪያ ባሉት ድንጋዮች ውስጥ ማግኘት የማይቻለው ለዚህ ነው። ከዚህ ጥቁር ድንጋይ ሥር ያሉት ጥንታዊ የኖራና የአሸዋ ድንጋዮች የሚታዩት እንደ ዓባይ፣ ጀማና ወንጪት ያሉ ወንዞች ምድሩን በጥልቀት በቆረጡባቸው ሸለቆዎች ነው።

ወደ ምሥራቅ ሲወረድ ሌላ ዘመን ይገኛል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ የአፋርን ዝቅተኛ ምድር ያገናኛል። የቦርከና ወንዝ በሚገብርለት በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ወይም ሉሲ ተገኝታለች። በዚያው ስፍራ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የኤሊና የአዞ እንቁላል ቅሪቶችም ተገኝተዋል። ይህ ለኤሊ ታሪክ የትናንት ያህል ቅርብ ነው፤ በድንቅነሽ ዘመን የነበሩት ኤሊዎች ልባስ ከዛሬዎቹ የተለየ አልነበረም።

የደቡብ አፍሪካው ልጅ ታሪክ ለወሎና ለአፋር ነዋሪም ትምህርት አለው። ሲታረስ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር ወይም ጎርፍ መሬት ሲሸረሽር አጥንት የሚመስል ድንጋይ ሊወጣ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይጎዳ ጠብቆ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። በቅርብ የሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለዚህ የመጀመሪያው በር ነው። ቅሪተ አካል ከተነቀለ በኋላ የነበረበት የአፈር ንብርብር ካልታወቀ ዕድሜውን ማወቅ ስለሚያዳግት፣ ባለበት መተዉ ከማንሣት ይሻላል።

በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኤሊዎች

በዓለም ላይ ከ350 በላይ የኤሊ ዝርያዎች አሉ። በኢትዮጵያ ከሚገኙት መካከል አንዷ ጀርባዋ እንደ ነብር ቆዳ የተነጠበጠበው ከፍ ያለ ጉልላት ያላት የየብስ ኤሊ ናት፤ ሣርና ቅጠል ትበላለች። ሌላዋ ሴንትሮኬሊስ ሱልካታ የምትባለው ትልቅ ኤሊ ናት። በአፍሪካ ዋና ምድር ካሉት የየብስ ኤሊዎች በግዝፈት የሚስተካከላት የለም፤ በሰሃራ ደቡባዊ ዳርቻ ባለው ደረቅ ምድር ከሞሪታኒያ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ትገኛለች። ይህች ኤሊ ከሙቀትና ከድርቅ ለማምለጥ ጥልቅ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ዩኖቶሶረስ ሳይሠራው አልቀረም የተባለውን ሥራ እስከ ዛሬ የምትሠራ ናት።

በኩሬና በረግረግ የምትኖረው ፔሎሜዱሳ የተባለችው አነስተኛ ኤሊ ደግሞ ጠፍጣፋ ልባስ አላት። የየብስ ኤሊ ስትደነግጥ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ኋላ ትስባለች፤ ፔሎሜዱሳ ግን አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ከልባሷ ጠርዝ ሥር ታስገባዋለች። ዛሬ ያሉ ኤሊዎች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ወገኖች በአንዱ ይመደባሉ፤ ፕሮጋኖኬሊስ ያልቻለውን ራስ መሸሸግ ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው መንገድ አግኝተውታል። በኦሞ ወንዝና በቱርካና ሐይቅ የምትኖረው የዓባይ ኤሊ ደግሞ ጠንካራውን ቅርፊት ትታ ልባሷ በለስላሳ ቆዳ ተሸፍኗል፤ ውኃ ውስጥ ለሚዋኝ እንስሳ ቅለት ይጠቅማልና።

ልባሱ የማያድናት ነገር

በዓለም ካሉት የኤሊ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ ተጋርጦባቸዋል። ከጅብና ከአሞራ የሚያድናት ልባስ ከተሽከርካሪ ጎማ፣ ከቃጠሎና ከሰው እጅ አያድናትም። ኤሊ ዘግይታ ለመራባት የምትደርስ እንስሳ በመሆኗ አንዲት ትልቅ ሴት ኤሊ ስትጠፋ ለመተካት ብዙ ዓመት ይወስዳል። ለቤት ማሳደጊያነት የሚደረገው ንግድም ከችግሮቹ አንዱ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 በተቀላቀለችው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የየብስ ኤሊዎችን ድንበር ማሻገር ቁጥጥር የሚደረግበት ነው።

ኤሊ ያገኘ ሰው ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች ቀላል ናቸው። መንገድ ስትሻገር ከሆነ በሁለት እጅ ከጎንና ከጎን ይዞ፣ ወደ መሬት አቅርቦ፣ ትሄድ ወደነበረችበት አቅጣጫ ማሻገር ይበቃል። በጀርባዋ ገልብጦ መተው ሊገድላት ይችላል፤ በተገለበጠች ጊዜ የሆድ ዕቃዋ ሳንባዋን ይጫናል፣ ፀሐዩም ያቃጥላታል። ልባሷን መብሳት፣ በገመድ ማሰር ወይም ለመስበር መሞከር ሕይወት ያለውን አጥንት መጉዳት ነው። በቅርፊቷ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ቆጥሮ ዕድሜዋን ማወቅ ይቻላል የሚባለውም አስተማማኝ አይደለም፤ ቀለበቱ ምግብ በበዛና ባነሰ ቁጥር የሚጨመር እንጂ በዓመት አንድ ብቻ የሚወጣ አይደለም። የእርሻ ተረፈ ምርትን ወይም ቁጥቋጦን ከማቃጠል በፊት ሥሩን መመልከትም ሮጣ ልታመልጥ የማትችለውን ኤሊ ከእሳት ያድናል።